ሠላሳ አምስት ፐርሰንት

ነስሩ በሳሙና ውኃ እጁን አረስርሶ
ሦስት ቁራጭ ፊልም ለጠፈ አጎንብሶ።
«ቲቸር፣ ይሄ አምስት ነው፤ ይሄኛው ሃያ ነው፤
ይሄ ሠላሳ አምስት። ልብዎ የቱ ጋ ነው?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ
ፐርሰንት ግራ ገባኝ፣ አጂፕ ቆሜ ዛሬ።
ቁጥሩ ባነሰ ልክ ጨለማው ይበዛል፤
ከመቶው ብርሃን አምስቱ ብቻ ያልፋል።

መኪናዋ ዲኤክስ ናት፣ ከልጄ ከኢክራም ትበልጣለች።
ቀለሟ ድሮ የወተት ነበር፤ ዛሬ ምን እንደምለው እንጃ።
የኋላ ቀኝ መስኮቷ ሲወርድ እንደ በግ ይጮኻል።
የቀድሞው ባለቤት ያስለጠፈው ፊልም
ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ፊኛ ፊኛ አውጥቶ፣
በጥፍር ሲነኩት እንደ ወተት ስልባቦት ይነሳል።

ኢክራም ስልክ ደውላ፦ «አባ፣ አምስቱን አስለጥፈው፤
ባለሥልጣን ይምሰል፣ ውስጡን ማን ሊያውቀው።»
እኔ ባለሥልጣን!
የጂረንን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሽማግሌ
ሰላም ብሎ በሚቀድማት መኪና።
ደግሞ ትራፊኩ ሙክታር አለ፣ የድሮ ተማሪዬ፤
ክፍልፋይ ሳይገባው ስምንተኛን ያለፈ፣
መስታወት ላይ ሲመጣ ግን አንዲት ነጥብ የማይምር።

ይሄን ሁሉ ያመጣው የዘሃራ ዓይን ነው።
ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ብርሃን ይወጋታል፤
በተለይ ያቺ የክረምት ፀሐይ፣ ዝናቡ ትንፋሽ ሲወስድ
ከእርጥብ ቆርቆሮ፣ ከኩሬ፣ ከባጃጅ ግንባር
ተወርውራ የምትመጣው።
አሁን ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጥላ፤
አርባ ዓመት ከጎኔ የነበረች ሴት፣ እንደ ተሳፋሪ።
በስፖኪዮ ነው የማያት።

«እንግዲያው አምስቱ!» አለ ነስሩ።
እኔ ግን እጄን አሰብኩ።
ጅማ ላይ መንዳት ማለት ግማሹ ሰላምታ ነው፤
ከፈረንጅ አራዳ ሂርማታ እስክደርስ፣ አንድ ቀን ቆጥሬ፣
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እጄን ከመሪው አንስቻለሁ፤
ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለጋሪ ነጂው፣ ዱቤ ላለብኝ ባለሱቅ፣
ያወቅሁት ለመሰለው ለማላውቀው ሰው እንኳ።
በጥቁር መስታወት ፊት እጁን የሚያነሳ
የገዛ እጁን አይቶ ይሄዳል።
«ቲቸር ኮሩ» ይላል፣ ማታ ለሚስቱ።

«የፊቱ እንዳለ ይሁን። የኋላው ሠላሳ አምስት።»

ነስሩ ምላጩን አወጣ። የድሮው ፊልም ሲላጥ
የኋላ መስታወት ማሞቂያ፣ ቀጫጭን ክሮቹ፣ አብረው ተላጡ።
«ለጉም ጨርቅ ይበቃል፣ ቲቸር» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ዋጋውን አልናገርም፤ ዘሃራ ይህን ታስነብባለች።
«ሦስት ቀን መስኮት እንዳይከፈት፤ ሙጫው ይድረቅ።»
ነገርኳት።
ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

በማግሥቱ ከሆስፒታል ስንመለስ
ከኋላ ድምፅ የለም። በስፖኪዮ ሰረቅ አድርጌ አየኋት፤
ሻሿን አውርዳለች፤ ዓይኖቿ ተከፍተው
ሻይ በመሰለ ከተማ ውስጥ ይንከራተታሉ።
ደስ አለኝ። ለራሴ ማርክ ሰጠሁ፦ ዘጠና አምስት።

ሂርማታ ጋ ሩሚያን አየቻት፣ አቮካዶ ዘርግታ።
መስታወቱን በቀለበቷ አንኳኳች፤
ሩሚያ ግራ ቀኝ አየች፣ ማን እንደጠራት አላወቀችም።
ደግማ አንኳኳች።
«ዘሃራ፣ ሙጫው...» ማለት ስጀምር
እጀታውን ይዛ ትጠመዝዝ ነበር።

በጉ ጮኸ።
ፊልሙ ጫፉ ላይ ተጨማደደ፣ አንድ ጣት ያህል፤
ፀሐይዋም ገባች፣ መቶ ከመቶ፤
እሷ በአንድ እጇ ዓይኗን ከልላ
በሌላው የሩሚያን እጅ ይዛ
የልጆቹን፣ የላሟን፣ የአማቷን ጉልበት ደኅንነት ጠየቀች፣
በየተራ፣ ሳትቸኩል።

ከኋላዬ ባጃጆች ጡሩንባ ነፉ።
ሩሚያ በመስኮቱ አራት አቮካዶ አስገባች፣
አንዱ ገና ጥሬ።