አፈ ጠባቧ

ቦራው በሬ ተሸጠ፤ ገንዘቡ ወገቤ ላይ፣
ጋሽ ማንደፍሮ ከፊት፣ ሞላሌ ስንታይ፣
ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ቃርሚያው ነጭ እንዳለ፣
ያለፈን ሰው ሁሉ ዐወቀ፤ ምንም ቃል ግን አላለ።

አያ ክንፈገብር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣
ብረት ሲሞርድ የሚኖር፣ ብረት ሲያክም ውሎ አድሮ፣
በዘይት ጨርቁ ላይ አራቱን ደረደረ፣
እንደ ልጆቹ በስም እየጠራ ነገረ፦
«ይህ ምንሽር ነው፣ ረጅሙ፣ ትከሻ የሚያደማ፣
ከዚህ ሸንተረር ጮሆ ጓሳ ላይ የሚሰማ።
ይህ ውጅግራ፤ ጭሱ ተኳሹን ያሳብቃል።
ያኛው ቤልጅግ፣ ሰደፉ በጠፍር የተጠፈረ፣
ገዳይ እንኳ አይባልም፤ ሦስት ጌታ የቀበረ።»

ጋሽ ማንደፍሮ ምንሽሩን አንስተው፣
ከማዶ የቆመች አህያ አዩበት፣ አንድ ዐይናቸውን ከድነው፤
«ወንድሜን የጣለው እንዲህ ያለ ነበር፣
እንዲህ ባለው ይከፈል» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር።

እኔ ግን አራተኛዋን አየኋት።
አጭር ናት። ከቃታዋ ዙሪያ የብረት ቀለበት፣
አራት ጣት የሚያስገባ፤ ወደ ታች ሲገፏት
እንደ በቅሎ መንጋጋ ከፈት፣
ሲመልሷት
ቀጭ።
ከአፈሙዟ ሥር ባለ ቱቦ ጥይቷን በተርታ የምትውጥ፣
ጎኗ ናስ፣ የሞተ ሰው መዳፍ ያለሰለሰው፣ እንደ ሰም የሚያብለጨልጥ።
አፏ ጠባብ፤ የትንሿ ጣቴ ጫፍ እንኳ በግድ ገባ።
«ለጅግራ ናት!» ሳቁ ጋሼ፤ «ለቆቅ፣ ለእሸት ሌባ!»

«ከየት መጣች?»
«እንጃ። አያቴ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ
በሁለት ፍሪዳ ለወጧት ይላሉ፤ እኔ ነበርኩ እንዴ?»
«ጥይቷስ?»
ዝም አለ። ሞረዱን በጭኑ ጠረገ። አየኝ፤ ጋሼን ሳይሆን እኔን።
«አዲስ አበባ አስፈለግሁ፣ ሐረር ድረስ ላክሁ፤
የምንሽሩ ይሰፋታል፣ የክላሹ ይረዝማታል፣ እያንዳንዱን ለካሁ።
ያለቻት አንዲት ናት።»
ከኪሱ ቋጠሮ ፈታ፤ ናሷ አረንጓዴ ሽበት ያወጣ፣
መዳፌ ላይ ተኛች፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ ደፍጣጣ።

አባቴ የወደቀው በአንዲት የድንበር ድንጋይ ነው፣
ስንዝር ወደዚህ፣ ስንዝር ወደዚያ ሲያንከባልሏት የኖሩት ሰው በሰው።
እናቴ ማቋን አላወለቀችም፤ ሦስተኛ ክረምቷ።
ቃል አትናገረኝም፤ የምታየው እጄን ነው፣ የባዶ እጄን ቁመት ከምድጃው ማዶ ሆና፣ ከቦታዋ።
የጌጤነህን ልጅ ግን አንድ ቀን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣
ጠባቧ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ዐይኑን ሰብሮ፣
ለእኔ ደረቁን ለቆ በጭቃው አለፈ፣ እስከ ጉልበቱ ተቀብሮ።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

«ይህችን» አልኩ።
«ባንዲት ጥይት?»
«ላንድ ሰው አንድ አይበቃም?»
ጋሽ ማንደፍሮ ኮሩ፤ ትከሻዬን መቱኝ፤
«ያባቱ ልጅ!» እያሉ ጠላ ቤት ወሰዱኝ።
አያ ክንፈገብር ብሩን ሳይቆጥር ጨርቁን አጠፈ።

ማታ ማታ፣ ኩራዙ ሲጠፋ፣ ቀለበቷን እገፋለሁ፣
ባዶ ሆዷን፣
ቀጭ፣
እመልሳለሁ።
እናቴ ከመደቧ ትሰማለች። ከሰማች ወዲህ ትተኛለች።
ባሩዱ ሞቶ ይሁን አንቀላፍቶ አላውቅም፤
አያ ክንፈገብርን፣ ሁለት ጊዜ ደጁ ደርሼ፣ አልጠየቅሁም።

የቀረው በሬ ብቻውን ነው፤ መቀናጆ ያሻዋል።
ከወንዙ ማዶ ነጠላ በሬ ያለው ማን እንደሆነ፣ አገር ያውቃል።
ጥይቷ ከዘር ገብሱ ስልቻ ውስጥ ናት፣ ከታች፣ ከፍሬው መሐል፤
ሰኔ ሲገባ እጄ ይዘግናል፣
ወይ ያገኛታል፣
ወይ ሳያውቅ ከዘሩ ጋር ይበትናታል።