ያዘነበለች ጀልባ

በካስትሮ ወደብ፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ቤቶች በእንጨት እግር ባሕር ላይ በቆሙበት፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ጀልባ ስሠራ ኖሬ
ተማሪ ሆንኩላችሁ፣ በስድሳ ዓመቴ፣ ዛሬ።
ደንበኛ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ቢጠፋብኝ፣
«ድረ ገጽ ሥራና እዚያው ጠብቀው» አሉኝ።

አስተማሪዬ ልጅ ናት፣ ሚላራይ ትባላለች፣
ማስቲካ እያላመጠች ማክሰኞ ትመጣለች።
«ሁሉም ነገር ሣጥን ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ፣
«ሣጥን በሣጥን ውስጥ፣ ያም ደግሞ ሌላ ሣጥን ውስጥ።»
ይህንስ አውቀዋለሁ፤ አናጢ ነኝ ለነገሩ፣
ሣጥን ስገጣጥም ነው እጆቼ የሻከሩ።

ግን ይሄ ሣጥን ሌላ ነው፤
ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው፣
በሜትር የማይለካ፣ በመዳፍ የማይዳሰስ፣
ስገፋው የሚሸሸኝ፣ ስተወው የሚደርስ።

ወደ ቀኝ ያልኩት ጽሑፍ ታች ወርዶ ተደፋ፣
አንዲት ትእምርተ ጥቅስ ዘንግቼ ገጹ ጠፋ።
ነጭ ሆነ። ባዶ። እንደ ማለዳ ጉም።
ልጂቱ ሳቀች እንጂ አልደነገጠችም።
«የከፈቱትን ይዝጉ፣ ዶን ሩዴ፣ ይኸው ነው ሕጉ»፤
ጣቶቼ እንደ ሸርጣን ምልክቷን ሲፈልጉ።
ባለቤቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ፣ ስለ በር፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምቼያት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ቀለም መጣ።
ቢጫ ፈለግሁ፤ ያቺን ቢጫ፣
የመጀመሪያ ጀልባዬን የቀባሁባትን፣
ከአባቴ ቆርቆሮ ሥር ጠርጌ ያወጣኋትን።
ቀለም እዚህ ቤት ስሙ ስድስት ምልክት ነው፤
አንዷን ፊደል ስቀይር ሎሚ ነው፣ ሰናፍጭ ነው፣
የታመመ ሰው ዓይን ነው።
ሁለት ማክሰኞ አለቀ። ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ፣
መብራት ጠፍቶ ሲበራ፣ ዘበኛው ወንበር ሲያስጠጋ፣
አገኘኋት።
አልጮህኩም። እጄን ብቻ ከቁልፉ ላይ አነሣሁ፣
ገና ያልደረቀ ቀለም የነካሁ መስሎኝ ፈራሁ።

በመጨረሻው ቀን ገጼ ለዓለም ወጣ፤
ስሜ ከላይ፣ ስልኬ ከታች፣ ጀልባዬም መሀል መጣ፤
ግን በጎኗ ተኝታ፣
አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ባሕሩን እንደ ግድግዳ ተደግፋ።
ሚላራይ «ላስተካክላት?» አለች።
«ቆይ» አልኳት።

ሹራብ ሻጯ ዶኛ ኤርሲሊያ ከኋላዬ መጥታ
አንገቷን አዘነበለች።
ዘበኛው ቁልፉን እንደያዘ አዘነበለ።
ልጂቱም ማስቲካዋን አቁማ
ጆሮዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።
እኔማ መጀመሪያውኑ አዘንብዬ ነበር።

ማንም ምንም አላለ።
ዝናቡም በመስኮቱ፣ እንደ ልማዱ፣
አዘንብሎ ይወርዳል።