ስምንት መርፌ

አርባ አንድ ሳምንት ሞላሽ፤ ሰው መቼም አያፍርና፣
«አልወለድሽም እንዴ?» ይለኝ ነበር ቆም ይልና።
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሽምብጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፤
ጨርቅ እወጋለሁ እንጂ መወጋት አላውቅም ነበር።

ትርንጎ፣ ናንጂንግ ተምራ የመጣችው፣
ካልሲዬን ራሷ አወለቀችው፤
ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አራት ጣት ለክታ
ጠቅ አደረገች በዝግታ።
ከዚያ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል፤
«እዚህ ጋ በር አለ» አለች፤ «አንዳንዴ ይከፈታል።»

አንዳንዴ!

በመስኮቱ ጣናን አየሁት፤ እንዳንቺው ተኝቷል፤
ማንም ሳይወጋው ግን አባይን ይወልዳል።

ስምንቱ መርፌ እንደ ደንገል ቆመ። ግማሽ ሰዓት። ምንም።
አንዴ ተገላበጥሽ፣ መልሰሽ ዝም።

ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ፤ በየጉብታው ስነጥር
«ማርያም! ማርያም!» ይላል ሾፌሩ፤ እሱ ያማጠ ይመስል ነበር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።
አባትሽ «መርፌው!» አለ፤ እናቴ «ባጃጁ!»፤
አማቴ ስለቷን አነሳች። ትርንጎን ስጠይቃት
«ቀኗ ይሆናል» ብላ ሳቀች፤ እኔም አላደረቅኳት።

በአውራ ጣቴ ስር ያቺ ነጥብ ገና አለች፤
ልትጠቢ ስትይ ጣትሽ እዚያው ላይ ትጨብጣለች፣
እንዳመሸ እንግዳ፣
በሩ ተከፍቶለት እንደገና እንደሚያንኳኳ።