ስባሪውም አብሮ

አርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወናፉን አስተኛሁ፤
እሳቱን በውሃ ቀስ አድርጌ አጠፋሁ።
ሂርማታ ገበያው ጉንዳን ሆኗል ሰው፤
የነገውን ሸቀጥ ዛሬ የሚያራግፈው።
እኔ ግን ለነገ የምሸጠው የለኝ፤
ጎረቤቴም ያውቃል፣ ሰንበት እንደያዘኝ።
ነስሩ ቆርቆሮውን አብሮኝ እየዘጋ፣
«አባባ፣ በሰላም፣ እሑድ እስኪነጋ!»

ሰባ ስምንት ዓመት። መዶሻው ከበደኝ፤
አንድ ጊዜ መትቼ ሁለት ጊዜ ደከመኝ።
ብረት ስቀጠቅጥ ጆሮዬ ነጎደ፤
ዓይኔም ከፍሙ ጋር ቀስ በቀስ ነደደ።
ይኼ ግድ የለኝም፤ ሥጋ የሰው ዕቃ፣
የተዋሰ ሁሉ ይመልሳል በቃ።

ያስለቀሰኝ ሌላ፤ ባለፈው ሰንበት ነው፣
የጸሎቱን መሐል ልቤ የዘነጋው።
ልጅ ሆኜ ወገራ፣ በቀሱ አርጩሜ፣
የሸመደድሁትን፣ ስንት ዘመን ደግሜ፣
እንደ ዛገ ቁልፍ አፌ ላይ ታጠፈ፤
ግማሹ ቀረና ግማሹ ረገፈ።

ይታይሽ ብትኖር ትመልሰኝ ነበር፤
ከዛፍ ሥር ተኝታ፣ ከኮቺ ባሻገር፣
ያለ ቀስ፣ ያለ ዘመድ፣ በሦስት ጎረቤት፣
ሐጂ ጦይብ ቆፍሮ ያለበሳት መሬት።
ወገኔ በሌሊት ሱዳንን ሲያቋርጥ፣
እኔ ጅማ ነበርሁ፣ ማረሻ ስቀጠቅጥ፤
ኋላ ስጠራ ግን ይታይሽ ታመመች፤
ከዚያም አፈር ሆነች፤ እግሬንም አሰረች።

ማክሰኞ ማታ ላይ አዝመራ ደወለች፣
የወንድሜ ልጅ ናት፣ ቤርሳቤህ ያለች።
«ጸሎቱ ጠፋብኝ» አልኋት እንደ ዋዛ፤
ዝም አለች። ልዘጋ ስል፣ ሒሳብ እንዳይበዛ፣
«አጎቴ፣ ሙሴ ያን በቁጣ ያደቀቀው
ጽላት፣ ስባሪው ግን ወዴት ነው የወደቀው?»
«እኔ ምን አውቃለሁ? አፈር በልቶት ይሆን?»
«አልጣሉትም፣» አለች፣ «ሊቃውንት እንዳሉን፣
ከሙሉው ጋር አብሮ ይዘዋል ስባሪውን፤
በአንዲት ታቦት ሆነው፣ በረሃ ሲያቋርጡ፣
ሙሉና ስባሪ አብረው ተቀመጡ።
የረሳም ሽማግሌ እንደዚያው ነው» አለች፤
ልጇ አለቀሰባት፤ ስልኩን ዘጋች፤ ሄደች።

እኔ ብረት ቀጥቃጭ፣ ስባሪ መች ጣልሁኝ!
ከመደቤ በታች፣ ሃምሳ ዓመት የከመርሁኝ፣
የማረሻ ጫፍ አለ፣ የተሰበረ ቢላ፣
የሞተ መኪና ሞላ፣ ዘንግ የተበላ፤
አንድ ቀን ይሆናል፣ ይገባል ለነገር
ብዬ ካኖርሁ እኔ፣ እሱ ይጥል ነበር?

ታክሲ ውስጥ ገባሁ፤ ወንበር ሞልቶ ኖሮ
አንድ ልጅ ተነሣ፣ ሽቦ በጆሮው ቀርቅሮ።
«አባባ፣ ይቀመጡ።» ኮፍያው የሶላት፤
ከጁምዓ የመጣ። ማን አነበበለት
ለሽበት ተነሣ የሚለውን ኦሪት?
ከእኔ አፍ የጠፋው በልጁ ጉልበት ላይ
ቆሞ አገኘሁት። ቃል ይጠፋል ወይ?

ድሮ አዌቱ ነበር አርብ የምነከር፤
አሁንስ ላስቲክ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር።
የዝናቡን ውሃ ከበርሜል ቀድቼ፣
እጄን በሳሙና ሁለት ሦስቴ አሽቼ፣
ጥቁሩ አይለቅም፤ በመዳፌ ስንጥቅ
እንደ ብራና ጽሕፈት ተቀምጧል ረቂቅ።
ልብስ ቀይሬያለሁ፤ ነጭ፣ አንገቱ ያለቀ፤
ብርሃን ከጅሬን ላይ ቀስ ብሎ ለቀቀ።
መብራት አላበራም። ጨለማው ይመጣል፤
እንደ ድሮ ወዳጅ አጠገቤ ይቀመጣል።

ፊቴን በሰሜን በኩል፣ ወደ ኢየሩሳሌም፤
ግማሽ ጸሎት አለኝ፤ ሌላው ግማሽ የለም።
የጎደለው ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ፤
በቀረችኝ ጆሮ ዝናብ አዳምጣለሁ።

እሑድ ግን ለነስሩ መዶሻው ይሰጠው፤
ከመደቡ በታች ምን እንዳለ ላሳየው።