ባሕር ወረፋ ላይ

ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ፣
«ቢያድግልኝ ማስታወቂያ» ይላል፣ ደብዝዞ በግድ የሚነበብ።
ሁለት ክረምት በጠበጥኩለት፣ ጄሶውን ከሙጫ ጋር፤
ሲሥል የሚያንጎራጉረው በማይገባኝ ቋንቋ ነበር።

«ቢያድግልኝ» ብላ እናቱ ስም አወጣችለትና ሞተች፤
ያሳደገችው ግን ስሙን መጥራት የማትችል ደሴት ነበረች።
አባቱ ኦጋዴን የቀረ፣ በመርከብ ኩባ የሄደ ልጅ፣
ብርቱካን ለቅሞ የተማረ፣ ያደገ ከባሕር ደጅ።

እዚያ አንዲት ጥቁር ዓሣ ሻጭ፣ ለማርያም ሥዕል ሻማ አብርታ፣
«ከጀርባዋ ሌላ እናት አለች» አለችው፣ ወደ ጆሮው ተጠግታ፤
«ዬማያ፣ የባሕር እናት፤ በሰንሰለት ስንሻገር አብራን የመጣች፣
ጌቶቻችን እንዳያዩአት በዚች ቅድስት የተሸፈነች።»
እሱም ሳቀ፦ «ይህማ ቅኔ ነው! የጎንደር ልጅ እኮ ነኝ፣
ሰሙ ፊት፣ ወርቁ ኋላ፤ ይህን ማንም አያስተምረኝ።»

ይኸው፣ «ከሰል አለ» ከሚለው ሰሌዳ ማዶ፣
ሣላት፤ ሰባት እጥፍ ቀሚሷ እንደ ማዕበል ተንዶ፣
ዓይኗ ትልቅ፣ ከደብረ ብርሃን ጣራ እንደሚያዩን መላእክት፤
በኮንጎ ጫማ፣ በቢጫ ጀሪካን፣ ቆማለች ቦኖው ፊት።
ከፊቷ አንጓች ከነልጇ፣ ከኋላዋ በድንጋይ የተያዘ ወረፋ፤
ውሃ ከሄደ አሥራ ሦስት ቀኑ፣ ቧንቧው ድምፁን ካጠፋ።

መሪጌታ ልሳኑ መጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣
«ማናት ይህቺ? ኪዳነ ምሕረት?» ቀረብ ብለው ጠየቁ።
«ባሕር ናት አባቴ፤ ውሃ ልትቀዳ መጥታ፣
ተራዋ አልደረሰም።»
                         ዝም አሉ ለአንድ አፍታ፣
መቋሚያቸውን ተደግፈው ሥዕሉ ላይ አፈጠጡ፤
«እንግዲያ ቅድሚያ ስጧት» አሉና ወጡ።

ውሃ በቦቴ የሚቸረችረውን ሰውዬ በአንድ ዓይን ሣለው፣
የድሮዎቹ ሰይጣንን እንደሚሥሉት። መጣና «ሌላው ዓይኔስ?» አለው።
«እሱን ከሸጥከው ቆየህ።»

በመጨረሻ ራሱን ጀመረ፣ ከሰልፉ ጭራ፣ ባዶ ጣሳ ይዞ፤
አንድ ዓይን ብቻ ሥሎ ተወው። «ሁለተኛው» አለኝ ተክዞ፣
«ያንተ ፋንታ ነው። ስሞት መዝነኝ።»

ሞተ። ጥምቀት ማግስት፣ ፋሲል መዋኛ ጢም ብሎ ሞልቶ፣
ቦኖው ግን እንደ ደረቀ፤ የሦስት ወር ደሞዜን በልቶ።
ሀቫና የተወው ልጅ አለ ይላሉ። እኔ ምን አውቄ?
አንጓች ግን ሥዕሏ ፊት ነጠላዋን ስታስተካክል አያታለሁ ተደብቄ።

ብሩሹን ነክሬ ቆሜያለሁ። ሰማያዊው ይንጠባጠባል።
ቧንቧው ውስጥ አየር ያፏጫል።