«ዘር» የሚለው ዓምድ

የፈንግል ክትባት ቀን፣ መሐል ሜዳ ላይ፣
ብርዱ እንደ ምላጭ ነው፣ ሰማዩ ግን ፀሐይ፤
ከእህል በረንዳው ጥግ ወንበር ተቀምጬ፣
መድኃኒቱን በበረዶ፣ መዝገቡን ገልጬ፣
እጽፋለሁ በተራ፦ የባለቤት ስም፣
ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀለም፤
ከሁሉም መጨረሻ አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች፣
«ዘር» የምትል፣ ለሦስት ቃል ብቻ የተበጀች፦
የአገር፣ የውጭ፣ ዲቃላ።
ከዚህ ሌላ የለም፣ አልታሰበም ሌላ።

አርባ ዶሮ አለፈ። ገብስማው፣ ወሰራው፣
አንገተ መላጣው፣ ቀዩ፣ ዝግርማው፣
አንድ ሳሶ ደግሞ፣ እንደ ሹም የሚራመድ፣
ባለቤቱን ቀድሞ የሚሄድ በመንገድ።

አርባ አንደኛዋ ግን ከሹራብ ኪስ ወጣች።
ማናህሎሽ በመዳፏ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት፤ ቆመች።
ጡጫ የምታህል፣ ጡጫ እንኳ የማትሞላ፣
ደረቷን የነፋች እንደ ባለ ዱላ፤
ከጉልበቷ በታች እስከ ጥፍሯ ድረስ
ላባ የወረሳት፣ ሱሪ የሚመስል ልብስ፤
ከጆሮዋ ሥር ነጭ ነጥብ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ፤
እንዲህ ያለ ዶሮ አላየሁም እስከ ዛሬ።

«ጫጩት ናት፣ ታድጋለች፣» አልሁ እየሳቅሁ።
«ዘጠኝ ወሯ ነው፣» አለችኝ። አፈርሁ።

ወረፋ የያዘው ሰው ተሰበሰበባት፣
ሁሉም አወቀላት።
ጋሽ ይልቃል፣ ዶሮ ነጋዴው፣ ክንፏን ገልጦ አየና፣
«ከዚህ አገር አይደለችም፣ ላባዋ ለዘብ ይላልና፤
አዲስ አበባ አይቻለሁ፣ ሀብታም ግቢ ውስጥ፣
ድንክ ዶሮ ይሏታል፣ የማትታረድ፣ የማትሸጥ።»
የወፍጮ ቤቱ ሞገስ «የለም፣» አለ በሳቅ፣
«አባቷ ቆቅ ነው፣ ገደል ያደረ ቆቅ።»
«ቆቅ ከዶሮ ይወልዳል?» «ሌሊቱን ማን አየው?»
ሳቁ ተንከባሎ በግ ተራ ደረሰ፣ ብርዱን አላላው።
ደብተር የያዘች ልጅ፣ ስንዱ፣ ሰዉን ገፍታ፣
«ቄብ ናት ወይስ አውራ?» አለች ጎንበስ ብላ አይታ።
ዝም አልን። ያን እንኳ የለየ አልነበረም፤
እንቁላል አልጣለችም፣ ጮኻም አታውቅም።

ከደብረ ብርሃን የላኩልኝን መጽሐፍ ገለጥሁ፣
ጣቴን በሥዕሎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፍሁ፦
ሱሪ የለበሰ ባገኝ፣ ቁመቱ ረጅም፤
አጭር ባገኝ ደግሞ፣ እግሩ ራቁት፣ አይገጥምም።
እሷ እቴ! ገጹ ላይ ወጥታ ቆመች፣
የአንዱን አውራ ዶሮ፣ የሥዕሉን፣ ዓይን ነቆረች።

«በይ እንግዲህ ማናህሎሽ፣ ዘሯን ንገሪኝ፣» አልሁ፣
የእስክሪብቶዬን ጫፍ በትንፋሼ እያሞቅሁ።
መልስ የለም።
ቀና ብል፣ ያ ሳቅ ፊቷ ላይ የለም።

«እንቁላል ነበረች፣» አለች ኋላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ያን ዕለት ከቆላ ስንወጣ፣ ገና ሳይነጋ፣
ከአጥር ሥር አነሳኋት፤ የማን ዶሮ እንደ ጣላት
አልጠየቅሁም፤ በደረቴ ሸሽጌ አመጣኋት፤
እዚህ የሰው ዶሮ ታቀፈልኝ።
መንገድ ላይ፣ ገመድ የተወጠረበት ቦታ፣ አንድ ልጅ ባትሪ አብርቶብኝ፣
ልክ እንዳንተ፣ ልክ በዚችው ቃል ጠየቀኝ።»

የበግ ጩኸት ብቻ። የእህል አቧራ ብቻ።
ጋሽ ይልቃል ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

ብልቃጡን ዘቀዘቅሁ።
አንድ ጠብታ በቀኝ ዓይኗ፤ ለሳሶው የጣልሁትን ያህል፣ አልቀነስሁ።
ጨፈነች። ገለጠች። ሱሪዋን አራገፈች።
የእስክሪብቶዬን ክዳን ነጥቃ፣ ከሚዛኑ ሥር ገባች።

ማታ ከወረዳ ተደወለ፦
«አርባ አንድ ቁጥር ላይ ዓምዱ ባዶ ነው፣ ምን ሆነህ ነው?»
«ገና ነው፣» አልሁ።
«ምኑ ነው ገና?»
መስመሩ ተቆረጠ። ኔትወርክ እዚህ እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ ደግ ይሆናል።

በሳምንቱ ስንዱ ክዳኑን አመጣችልኝ፣ ግማሹን።
«አልጮኸችም፣ አልጣለችም፣» አለች፣
«ስም ግን አወጣንላት።»
መዝገቤ የዶሮ ስም የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።
ከጠርዙ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ጻፍሁት።