የጠመኔው ቁጥር

ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ፣ ካሮጌው ጋሪ ማቆሚያ፣
የቀርከሃ አጥር አለ፣ የድካማችን ማረፊያ።
ታፔላውን የአዳማ ነፋስ ገንጥሎ ከጣለው ወዲያ፣
«ርካሹ ቤት» ነው ስሙ፣ ለኛም ለመንገደኛም መጥሪያ።

በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ቆሟል፣ ከትምህርት ቤት የተጣለ፣
ጥጉ ላይ የማይጠፋ ጽሑፍ፣ «4ኛ ለ» የሚል ያለ፤
መሐሉ ላይ በጠመኔ አንድ ቁጥር ብቻ፦
የጃምቦ ዋጋ።

ሠላሳ ነበር ያኔ። ወርዶፋ ፈረሱን ከኒሙ ሥር አስሮ፣
የቀኑን አቧራ ባንድ ትንፋሽ ከጉሮሮው ጠርጎ አባርሮ፣
«እሱ ጠጥቷል፤ አሁን ተራው የኔ ነው» ይል ነበር፣
ሁለተኛውን ሳያዝ በፊት፣ ሳንቲም ሳይቆጥር።

አስካለች በርጥብ መዳፏ ሰሌዳውን ስትዳስስ፣
ወሬ ይቋረጣል፤ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይሰማል ነፋስ።
«በርሜሉ ጨመረ» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣
«ጋዙ፣ መብራቱ፣ ግብሩ... ምን ልበላችሁ፣ ተራ በተራ።»
ሠላሳው ተሰርዞ አርባ አምስት፣ አርባ አምስቱ ተሰርዞ ስልሳ፤
ውሃው ግን አጥርቶ አያጠፋም፤ ሥሩ ይታያል የድሮው ጠባሳ።

ምናሴ፣ የከባድ መኪና ሚዛን ጸሐፊ የነበረው፣
ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አንሥቶ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣
አረፋውን በጣቱ ይለካል፤ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት።
«ከታች ቢራ፣ ከላይ ደመና፤ የምንከፍለው ለደመናው!»
እንስቃለን።
ሳቅ ገና በድሮ ዋጋው ነው።

ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንዶች ይዞራሉ ሌት ተቀን፤
ተካልኝ ልብስ ሰፊው ይላል፦ «ነፋሱንም ቆጠሩብን!
ልጅ ሳለን በነጻ ነበር ዐይናችንን የሚሞላብን።»

ስልሳ ሲሆን ልማድ መጣ፦ ለሁለት አንድ መጎንጨት፤
ስልሳን ሲያልፍ ሌላ ልማድ፦ ባንዱ ሦስት ሰዓት መቆየት፣
ቢራው እንደ ሻይ ሞቆ፣ አረፋው ከላዩ ሞቶ፤
ብርጭቆው ባዶ እስካልሆነ የሚያስነሣህ የለም መጥቶ።
አያንቱ፣ አስተናጋጇ፣ ጨርቋን ይዛ ታልፋለች፣
ከሥር የቀረችውን ጉንጭ ያላየች ትመስላለች።

ሰሌዳው ሰማንያ ባለ ማግስት ወርዶፋ ቀረ።
አንድ ቀን። ሦስት ቀን። ሳምንት።
ታሞ ነው አልን።
ፈረሱ ታሞ ነው አልን።
ኪሱ ታሞ ነው ያለ ግን የለም፤
ሁሉም የየራሱን ኪስ በክንዱ ደግፎ ዝም አለ።

አንድ ምሽት ለሽንት ወጥቼ በጓሮ በኩል ስመለስ፣
አንድ ጥላ አየሁ አጥሩ ሥር፣ በዝግታ የሚተነፍስ።
ውስጥ ምናሴ የቀለደውን ውጪ ቆሞ ይስቃል፤
እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ሳቁን ከኛ ይደብቃል።

ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ጃምቦ ባጥሩ ላይ ያሻግር ነበር፤
እኔም አሰብኩ። ኪሴን ዳሰስኩ። ምንም የለም፣ ከባጃጅ ሒሳብ በቀር።
ገባሁ።
የቀረችኝን ጉንጭ ግን አልነካኋትም።

ትናንት አስካለች መዳፏን አርጥባ ወጣች።
አዲሱን ቁጥር አልነግራችሁም፤
ብነግራችሁም ይህን እስክታነቡ ያረጃል።

ዛሬ ሲመሽ በበሩ አልገባሁም፤ በጓሮ ዞርኩ።
ወርዶፋ ሰላም አላለኝም። ለምን መጣህም አላለኝ።
ፈቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ፣ ይኸው ነው።
ቀርከሃው ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ሞቅ ብሎታል፤
ፈረሱ በጅራቱ ዝንብ ያባርራል፤
ውስጥ ምናሴ ጀምሯል፦ «ከታች ቢራ...»
ሁለታችንም እጃችንን ወደ አፋችን ወሰድን።

ከዚህ የሚታየው የሰሌዳው ጀርባ ነው፤
ቁጥሩ አይነበብም።